መካኒኩ «ጣለው»፣ አባቴ «አትንካው»

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከአዘዞ ነው። አባቴ በ70ዎቹ መጨረሻ የገዙት ትልቅ የሞተር መጋዝ አለን። ማርካው ስቲል ነው፤ ጎኑ ላይ 070 ይላል። ፎቶውን ልኬያለሁ። እኛ ልጆቻቸው የበላነውም የተማርነውም በሱ ነው። አሁን የምንሠራበት እኔና ታናሽ ወንድሜ ነን። ባሕር ዛፍ እየገዛን እንቆርጣለን፤ ቀጥ ያለውን ለቤት መሥሪያ፣ የቀረውን ለማገዶ እንሸጣለን። አልፎ አልፎ ትልቅ ግንድ የሚያስቆርጠንም አለ።

አምና መተማ ሥራ ተገኝቶ ይዘነው ወረድን። መጀመሪያ ደህና ሠራ፤ ከዚያ ጉልበቱ ወረደ። አሁን ጠዋት ወዲያው ይነሣል። ትንሽ ሠርቶ ሲሞቅ ግን ይጠፋል፤ እስኪቀዘቅዝም አይነሣም። መካኒክ የሲሊንደሩን ግፊት ለካውና ‹105 ነው ያለው። መጽሐፉ ከ130 በላይ ነው የሚለው። ፒስተኑ አልቋል፤ ጣለውና አዲስ ግዛ› አለኝ። ወንድሜም እንግዛ ይላል። አባቴ ግን ተቆጡ። ‹የደነዘዘው የኔ ጣት ነው እንጂ መጋዙ ምን ሆነ? እኔ ሳልሞት እንዳትነኩት› አሉ። አዲሱን ብገዛ አባቴን ላስቀይም ነው፤ ባልገዛ ሥራ ልፈታ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መካኒክህ መጋዙ ሞቷል ያለበት ምክንያት አላሳመነኝም። አዲስ ግዛ ያለህን ግን እኔም እደግፈዋለሁ፤ በሌላ ምክንያት። ነገሩ እንዳይምታታ መጀመሪያ ስለ ሞተሩ፣ ቀጥሎ ስለ አባትህ ጣት እናውራ። የደብዳቤህ ዋና ነገር እሷ ጣት ላይ ናት።

ግፊቱ 105 ነው ተባልህ። ጌጁ የሚለካው ሞተሩ ከውጭ የሳበውን አየር ጨምቆ የት እንዳደረሰው ነው። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ ባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ስስ አየር የሳበ ሞተር ሲጨምቀውም ያው ያነሰ ነው። ስለዚህ ቆላ ወርዶ 150 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ ከ120 ላይዘል ይችላል። ያንተን 105 ወደ ባሕር ጠለል ብንመልሰው 130 አካባቢ ይመጣል። መጽሐፉ ጎንደርን አስቦ አልተጻፈም።

ይህ ማለት ሞተሩ ሙሉ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። በዚያ ቁጥር ብቻ ሞት አይፈረድበትም ነው የምልህ። መካኒኩን በዚያው ጌጅ ሌላ በደንብ የሚሠራ መጋዝ እዚያው እንዲለካልህ ጠይቀው። ከመጽሐፍ ይልቅ ጎረቤቱ ይሻላል። ጌጅ ከሌለ ደግሞ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ጠፍቶ እያለ የማስነሻ ገመዱን እጀታ ይዘህ መጋዙን አንጠልጥለው። እየተንገራገጨ ቀስ ብሎ ከወረደ ግፊት አለው። ዝም ብሎ ቁልቁል ከሮጠ የለውም።

ቀጥሎ ማርሚታውን ፍታው። ብሎኖቹን አውጥተህ ስታነሣው በጭስ መውጫው ቀዳዳ ፒስተኑ ይታይሃል። በባትሪ አብርተህ እየው። ጎኑ ለስላሳና የሚያብለጨልጭ ከሆነ እሰየው። ከላይ ወደ ታች የወረደ ጭረት ካለ ደግሞ ጭረቱ ራሱ ታሪኩን ይነግርሃል። በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ከሆነ ሞተሩ ዘይት አንሶት ወይም ቤንዚን አንሶት ከመጠን በላይ ሞቋል። በካርቡራተሩ በኩል ከሆነ በአየር ማጣሪያው አልፎ አቧራ ገብቷል። ያንን ጎን ለማየት ካርቡራተሩን ማንሣት አለብህ።

እኔ የምጠረጥረው የመጀመሪያውን ነው። መተማ ነዋ! ጎንደር ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር ለስስ አየር ነው የተስተካከለው፤ ቤንዚኑም በዚያው ልክ ተቀንሷል። መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፤ አየሩ ወፍራም ነው። አየሩ ጨምሮ ቤንዚኑ ባለበት ሲቀር ድብልቁ ይደርቃል። በሁለት ምት ሞተር ደግሞ ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ፣ ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም ያንሳል። በዚያ ላይ የቆላ ሙቀት አለ። መጋዙ መጀመሪያ «ዛሬስ እንዴት ይጮኻል!» ያሰኛል። ሲደርቅ ድምፁ ይቀጥናል፣ ፍጥነቱም የጨመረ ይመስላል። ከዚያ ጉልበቱ ይወርዳል። ያንተን የሚመስል ታሪክ ነው።

ብዙዎቹ ካርቡራተሮች ላይ ለሙሉ ጋዝ የምታገለግል፣ ኤች (H) የሚል ምልክት ያላት ብሎን አለች። ወደ ቆላ ስትወርድ በካቻቢቴ ወደ ግራ ትንሽ ትከፍታታለህ፤ ሩብ ዙር እንኳ ብዙ ለውጥ ያመጣል። ወደ ደባርቅ ስትወጣ ደግሞ ወደ ቀኝ ትንሽ ትዘጋታለህ። ጥሩ መለኪያው ካንዴላው ነው። ሠርተህ አጥፍተህ ፍታው። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ ነጭ ከሆነ ደርቋል፤ ጥቁርና ርጥብ ከሆነ በዝቷል። ካርቡራተሩ ብሎን የሌለው ከሆነ ግን መተማ ይዘኸው አትውረድ።

አሁን ወደ ዋናው ሕመም። ሲቀዘቅዝ ይነሣል፣ ሲሞቅ ይጠፋል። ይህን ሰምቶ «ፒስተን ነው» የሚል መካኒክ ቸኩሏል። መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ርካሾቹ ናቸው። ልክ እንደጠፋ የቤንዚን ጋኑን ክዳን ክፈት። አየር «ፍስስ» ብሎ ከገባና ወዲያው ከተነሣ የጋኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ማጽዳት ብቻ ነው፤ ሳንቲም አያስወጣም። ካልሆነ ሞተሩ ገና ትኩስ እያለ ካንዴላውን ፍታና ከገመዱ ጋር አገናኝተህ ብረቱን ከሞተሩ አካል አስነካው። ከቤንዚን ራቅ ብለህ ገመዱን ሳብ። እሳት ካልታየ ችግሩ ኮይሉ ወይም ኮንደንሰሩ ነው። ያረጀ ኮይል ሲቀዘቅዝ ይሠራል፣ ሲሞቅ ይጠፋል። ፑንቲና (እየተከፈተ እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሣው ጥርስ) ያለው ዓይነት ከሆነም ጥርሱን አጽዳው። የካንዴላውን ክፍተት 0.5 ሚሊ ሜትር አድርገው።

እሳቱ ደህና ከሆነ ቀጣዩ የዘንጉ ሲል ነው፤ ኩሽኔታው አጠገብ ያለው የጎማ ማሸጊያ። ይህን ያህል ዓመት የቆየ ጎማ ይደርቃል፣ አየር ያስገባል፣ ድብልቁን ያደርቀዋል። ምልክቱ ጋዙን ስትለቅ ወዲያው አለመርጋት ነው፤ ወይም በዝግታ ሲሠራ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል። የካርቡራተሩም ስስ ጎማ (ዲያፍራሙ) በዚሁ ጊዜ ይቀየር። እነዚህ ሁሉ ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው። 070ን ብዙዎች ስለቀዱት የሚገጥመው መለዋወጫ ከብዙ አዳዲስ መጋዞች ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። የጥራቱ ነገር ሌላ ነው፤ በተለይ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) ስትገዛ ከአሮጌው ጎን አስተያይተህ ግዛ።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ለጥገናው አጥር አበጅለታለሁ። ከአዲሱ ዋጋ ሲሶውን ካለፈ አቆማለሁ። ፒስተኑ ተጭሮ የሲሊንደሩ ልባስ ካልተላጠ ፒስተንና ፋሻ ቀይሮ መጨረስ ይቻላል። ልባሱ ከተላጠ ሲሊንደሩም አብሮ ይገዛል፤ ያኔ ሒሳቡን እንደገና ቁጭ ብለህ አስላው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ከተተመነ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ወደየት እንደሄደ አንተም ታውቃለህ። ስለዚህ ዛሬ አሮጌ ሞተር ማዳን ከድሮው የበለጠ ያዋጣል።

እስከዚህ ድረስ ከአባትህ ጋር ነኝ። ከዚህ በኋላ ግን ከወንድምህ ጋር ነኝ።

በላክህልኝ ፎቶ ላይ ከፊተኛው እጀታ ፊት ለፊት የእጅ መከላከያ የለም። የሰንሰለት ፍሬንም የለውም ማለት ነው። የባሩ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) ጫፍ የላይኛው ክፍል ሳታስበው ሌላ ግንድ ወይም ቅርንጫፍ ሲነካ መጋዙ ወደ ፊትህ ተመልሶ ይዘላል። ከሰው እጅ ፈጣን ነው። አዲሶቹ ላይ ያ መከላከያ ወደ ፊት ሲገፋ ሰንሰለቱ በቅጽበት ይቆማል። ያንተ አይቆምም። ጋዙን ብትለቀውም ሰንሰለቱ ፊትህ ጋ እስኪደርስ አይጠብቅህም። ይህን ደግሞ ማንም መካኒክ አይጠግነውም።

ሁለተኛው ጣት ነው። አባትህ «የደነዘዘው የኔ ጣት ነው» ያሉትን አንተ እንደ ቁጣ ነው የሰማኸው፤ እኔ እንደ ምስክርነት ነው ያነበብሁት። የዚያ መጋዝ እጀታ ከሞተሩ ጋር በቀጥታ የታሰረ ነው። በመካከል ላስቲክም ስፕሪንግም የለም። ንዝረቱ በሙሉ እጅ ውስጥ ይገባል። ለዓመታት በሚንቀጠቀጥ መሣሪያ የሠራ ሰው የጣቱ ስሜት መቀነሱ፣ በብርድ ጊዜ ጣቱ ነጭ መሆኑ፣ ቁልፍ መቆለፍ እንኳ ማቃቱ በሕክምና የታወቀ ጉዳት ነው። ብዙ ከቆየም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። የአባትህ ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል፤ ስኳርም ጣት ያደነዝዛል። ስለዚህ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወስደህ አሳያቸው። በምን ሥራ እንደኖሩ ለሐኪሙ መናገርህን እንዳትረሳ፤ እሳቸው ራሳቸው አይናገሩትም።

አንተና ወንድምህ ደግሞ በዚያው መንገድ ላይ ናችሁ። ያ መጋዝ 106 ሲሲ ነው። ባሩና ሰንሰለቱ ሳይቆጠር ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ክንድ የምታህል ባሕር ዛፍ ለመቁረጥ ይህን ሁሉ መሸከም ምን አመጣው? ለዕለት ሥራችሁ 50 ሲሲ አካባቢ ያለው፣ ክብደቱ 5 ኪሎ ገደማ የሆነ ይበቃችኋል። ባሕር ዛፍ ከጉቶው እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ዝቅ ብሎ፣ ልጡ ሳይላቀቅ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ዘንበል ተደርጎ ነው የሚቆረጠው። ከባድ መጋዝ ይዘህ ጎንበስ ብለህ እንደዚያ መቁረጥ አይሆንልህም፤ ሲደክምህ ከፍ አድርገህ ትቆርጠዋለህ። ባለ ዛፉም ያዝንብሃል።

ስለዚህ ምክሬ ይኸውልህ፤ አዲስ ትንሽ መጋዝ ግዙ፣ የአባትህን ግን አትሽጡት። ጠግናችሁ ለትልቅ ግንድ አስቀምጡት። መሬት ላይ የወደቀ፣ በደንብ የተደገፈ ግንድ ሲሆን ብቻ፣ በአጭር በአጭሩ እየተቀያየራችሁ፣ በባሩ ጫፍ ሳይሆን በሆዱ እየቆረጣችሁ ሥሩበት። ቆሞ ያለ ዛፍ በሱ አትጣሉ። ቅርንጫፍ አትመልምሉበት። መሰላል ላይ ሆኖማ ወሬውም አይነሣ።

አዲስ ስትገዛ ተጠንቀቅ። በብርቱካንማና ነጭ ቀለም የተቀባ ሁሉ ስቲል አይደለም። ዋጋው በጣም ከወረደ፣ የምርት ቁጥሩ ሞተሩ አካል ላይ ካልተመታ፣ ፕላስቲኩ ጠርዙ ሻካራ ከሆነ ኮፒ ነው። ኮፒ መግዛት ነውር የለውም፤ በኮፒ ዋጋ ከሆነና ካወቅኸው። በዋናው ዋጋ ኮፒ መግዛት ነው የሚያቃጥለው። ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቀው፦ «የዚህን የማስነሻ ገመድ፣ የካርቡራተር ጎማና ፋሻ ዛሬ ልትሸጥልኝ ትችላለህ?» ዝም ካለ ውጣ። የሰንሰለት ፍሬኑንም ሱቁ ውስጥ አስነሥተህ ሞክረው። የማይሠራ ፍሬን ያለው አዲስ መጋዝ ከአባትህ መጋዝ አይሻልም።

ዘይቱን በግምት የምትጨምሩ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ተዉት። አዲሱንም በዚሁ ትገድሉታላችሁ። ለ5 ሊትር ቤንዚን አምራቹ የሚያዘው ጥሩ የሁለት ምት ዘይት ከሆነ 100 ሚሊ ሊትር፣ ተራ የሁለት ምት ዘይት ከሆነ 200 ሚሊ ሊትር ነው። የመኪና ሞተር ዘይት አይሆንም። በሃይላንድ ከመንገድ ዳር የሚሸጥ ቤንዚን ነጭ ጋዝ ሊቀላቀልበት ይችላል፤ ሰልፉ ቢያማርርም ከማደያ ቅዳ። ለሰንሰለቱም ከጋራዥ የወጣ የተቃጠለ ዘይት አታድርግበት። በውስጡ የብረት ብናኝ አለ፤ ፓምፑንም ባሩንም ይበላል። ሰንሰለቱ እንደ ዱቄት የደቀቀ ሰጋቱራ ማውጣት ከጀመረ ደንዝዟልና ሞረድ ያዝ። የስለት ነገር ራሱን የቻለ ደብዳቤ ያስፈልገዋል፤ ሌላ ጊዜ።

አባትህን እንዴት እንደምታናግራቸው ግን ቅደም ተከተሉን አትሳተው። መጀመሪያ መጋዛቸውን አስጠግን። አዲሱን ከዚያ በኋላ ግዛ። አዲሱን ይዘህ ከገባህና አሮጌው ጥግ ላይ ተጥሎ ካገኙት የምትለው ሁሉ ሰበብ ይመስላቸዋል። ካርቡራተሩ የሚስተካከል ቀን አብረውህ ይሂዱ፤ የዚያን ሞተር ጤነኛ ድምፅ ከመካኒኩ በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ሙሉ ጋዝ ሰጥታችሁ ባዶውን ትንሽ ጎርነን ብሎ፣ እንጨት ውስጥ ሲገባ ድምፁ ጥርት ማለት አለበት። «በቃ፣ እዚህ ላይ ተወው» የሚሉት እሳቸው ይሁኑ። ከዚያ ስለ ፍሬኑና ስለ ጣታቸው በቀስታ አንሣው። ጥፋተኛ አታድርጋቸው። በዚያ ዘመን የተገኘው መጋዝ እሱ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ከማርሚታው በኋላ ነው። ፍታውና የፒስተኑን ፎቶ ላክልኝ። ጭረት ካለ በጭስ መውጫው በኩል ይሁን በካርቡራተሩ በኩል ጻፍልኝ፤ የትኛው ዕቃ እንደሚገዛ ያኔ እነግርሃለሁ።